ከመድኃኒት በኋላ የሚቀረው ሕክምና፦ የቆዳ እንክብካቤና የአካል ጉዳትን መከላከል በሐረርና በአካባቢዋ

መግቢያ

የቆዳ እንክብካቤ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ቁንጅና ነው። የሳሙናና የቅባት ማስታወቂያዎችም ይህንኑ ግንዛቤ አጠናክረውታል። ይሁን እንጂ ቆዳ በአንድ ጎልማሳ ሰው ላይ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር የሚደርስ ስፋት ያለው፣ የራሱ ሥራ ያለው የሰውነት ክፍል ነው። ውኃን በሰውነት ውስጥ ይዞ ያቆያል፤ ሙቀትን ይቆጣጠራል፤ ተሐዋስያን እንዳይገቡ ይከላከላል፤ በውስጡ በተዘረጉት ነርቮች አማካይነትም የሚያቃጥለውንና የሚወጋውን ነገር ለአንጎል ያስታውቃል። ከእነዚህ ተግባራት አንዱ ሲጓደል መዘዙ ከቆዳ አልፎ ወደ ሥጋ፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ደም፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ኩላሊት ይደርሳል።

ይህ ጉዳይ በሐረርና በምሥራቅ ሐረርጌ ጎልቶ የታየው በሥጋ ደዌ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ነው። ጽሑፉ በዚህ በሽታ ላይ በማተኮር አንድ ነጥብ ለማስረዳት ይሞክራል። በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ከባክቴርያው ነፃ ከሆነ በኋላ፣ እጁንና እግሩን ይዞ ለመኖር የሚወስነው በአብዛኛው የቆዳው አያያዝ ነው። ስለዚህ የቆዳ እንክብካቤ ከሕክምናው በኋላ በቃል የሚሰጥ ምክር ሆኖ ሊቀር አይገባውም። ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው፤ የሚያስፈልገው ውኃ፣ ቅባትና ጫማም እንደ መድኃኒቱ ሁሉ በዕቅድ ሊያዝለት ይገባል።

ሐረር በሥጋ ደዌ ሕክምና ታሪክ

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸውና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ የሐረርን የከተማ ኑሮ ለዘመናት ከልሎ የኖረ ነው። እንደ ሌሎቹ ጥንታውያን ከተሞች ሁሉ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች መኖሪያ ከከተማው ዳር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የፈረንሳይ ካፑቺን ሚስዮናዊ የነበሩት አባ ማሪ ቤርናር በሐረር ያቋቋሙት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዕከል በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ ከተመሠረቱት ማዕከላት የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሀንሰን የበሽታውን ባክቴርያ ካገኘ እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ መንስኤው ቢታወቅም፣ ማዕከላት ለሕሙማኑ ሊያደርጉ የሚችሉት መጠለያና ምግብ መስጠት፣ ቁስል ማጠብና ማሰር ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ሕክምና በአመዛኙ የቆዳ እንክብካቤ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በቢሲዲሞ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ የተመሠረተው የጀርመን የሥጋ ደዌ እርዳታ ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው የቢሲዲሞን ማዕከል ነው። ቢሲዲሞ ከሆስፒታሉ ጋር የሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው መንደር የተመሠረተባት ስፍራ ስትሆን፣ ከጊዜ በኋላ ሆስፒታሉ ለአካባቢው ሕዝብ አጠቃላይ አገልግሎት ወደሚሰጥ ተቋምነት ተሸጋግሯል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት፣ ቀጥሎም የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመሥርተው የሥልጠናና የምርምር ማዕከል ሆነዋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመድኃኒቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ፤ ኢትዮጵያም ከ1983 ጀምሮ ይህን ሕክምና መስጠት ጀመረች። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር የሚወሰደው ይህ ጥምር ሕክምና ባክቴርያውን ይገድላል፤ የመጀመሪያዎቹ ክኒኖች ከተወሰዱ በኋላም ሕመምተኛው በሽታውን ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ አቅሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከበሽታው ድነዋል፤ ከመንደርና ከመጠለያ ተገልሎ መኖርም ሕክምናዊ ምክንያት አጣ። ነገር ግን በሽታው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከ200,000 በላይ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ3,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተጎዳ ነርቭም በመድኃኒቱ ብቻ አይመለስም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ከደረቅ ቆዳ እስከ አጥንት፦ የጉዳቱ ሂደት

ባክቴርያው እጅግ በዝግታ ይራባል፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በዚህም ምክንያት ምልክቱ የሚታየው በአማካይ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሆን እስከ ሃያ ዓመት ሊዘገይም ይችላል። ባክቴርያው ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ስለሚመርጥ ማረፊያው ቆዳና ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ነርቮች ናቸው። በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ ከጉልበት በታችና በቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚያልፉት ነርቮች ሲጎዱ ሦስት ነገሮች ይጓደላሉ።

የመጀመሪያው ስሜት ነው። ሕመምተኛው ጠጠር ጫማው ውስጥ መግባቱን፣ የጀበናው እጀታ ማቃጠሉን፣ እሾህ መውጋቱን አያውቅም። ሁለተኛው የጡንቻ ኃይል ነው። ጣቶች ይታጠፋሉ፤ እግር ይንጠለጠላል፤ የሰውነት ክብደትም መዋል ከማይገባው ቦታ ላይ ያርፋል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ላብ ነው። የላብ ዕጢዎችን የሚያዙት ጥቃቅን ነርቮች ሲሞቱ ውስጥ እግርና መዳፍ ማላብ ያቆማሉ። የማያልበው ቆዳ ይደርቃል፤ የደረቀው ይደድራል፤ የደደረውም በመታጠፊያው ላይና በተረከዝ ይሰነጠቃል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ክሎፋዚሚንም ቆዳን ያጠቁራል፣ ያደርቃልም፤ ስለዚህ ቅባት የሚያስፈልገው ከሕክምናው ማብቂያ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ነው።

ከስንጥቁ ቀጥሎ ያለው መንገድ አጭር ነው። ጤነኛ ሰው ተረከዙ ሲሰነጠቅ ያመዋል፤ ስለሚያመውም ያነክሳል፤ ማነከሱም ቁስሉን ያሳርፈዋል። ስሜት የሌለው እግር ግን በስንጥቁ ላይ መራመዱን ይቀጥላል። ባክቴርያዎች ይገባሉ፤ ቁስሉ ይሰፋል፤ ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ይዘልቃል። የተመረዘው አጥንት እየተሰበረና እየሟሸሸ ሲሄድ ጣት ያጥራል፤ መዘዙ ሲበረታም እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በሕንድ አገር በቬሎር የሠሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ምርምር ያስረዱት ዋና ነገር ይህ ነበር። የጣቶች ማጠር በሽታው ሥጋን በልቶ የሚያመጣው ውጤት ተደርጎ ለዘመናት ይታመን ነበር፤ ብራንድ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ሕመም የማይሰማው አካል በየዕለቱ ከሚደርስበት ቃጠሎ፣ ጫናና ያልታከመ ቁስል እንደሆነ አሳዩ። የዚህ ግኝት ትርጉም ከሕክምናም በላይ ነው። የማይቀር ዕጣ ይባል የነበረው የአካል ጉዳት መከላከል የሚቻል አደጋ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እንክብካቤው በተግባር

ስሜት ላጣ ቆዳ የሚደረገው እንክብካቤ በጤና መመሪያዎች ውስጥ በአራት ሥራዎች ይጠቃለላል፤ እነዚህም ማየት፣ መዘፍዘፍ፣ ማለስለስና መቀባት ናቸው።

ማየት የጠፋውን የሕመም ስሜት በዓይን የመተካት ሥራ ነው። በቂ ብርሃን ባለበት ውስጥ እግር፣ የጣቶች መሐል፣ ተረከዝና መዳፍ በየቀኑ ይፈተሻሉ። መቅላት፣ መሞቅ፣ ውኃ መቋጠር፣ መሰንጠቅ ይፈለጋል። ውስጥ እግሩን ማየት የማይችል ሰው መስተዋት ይጠቀማል ወይም የቤተሰቡ አባል ያይለታል።

መዘፍዘፍ ለደረቀው ቆዳ ላብ ያስቀረበትን እርጥበት መመለስ ነው። እግር በንጹሕና ባልሞቀ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሙቅ ውኃ አደገኛ ነው፤ እግሩ ሙቀቱን ስለማይለይ ሳይታወቅ ሊቀቀል ይችላል። ከዚያ በኋላ የደደረው ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይፈገፈጋል። ምላጭና ቢላዋ አይነኩም። በመጨረሻም ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀባል። ቅባቱ በራሱ ውኃ አይሰጥም፤ ሥራው ቆዳው በመዘፍዘፍ ያገኘውን ውኃ እንዳይተን መክደን ነው። በደረቀ ቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባት ጥቅሙ የሚያንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ጋር የጫማ ጉዳይ ይታያል። ጥሩው ጫማ ውስጡ ለስላሳ፣ ውጪው ግን እሾህና ጠርሙስ የማያሳልፍ፣ ምስማር የሌለበት ነው። በየገበያው የሚገኘው ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ውጪው ጠንካራ ቢሆንም ውስጡ ደረቅ ነው፤ በምስማር ከተመታ ደግሞ ለማይሰማው እግር ወጥመድ ይሆናል። ቁስል ከወጣ ዋናው ሕክምና ዕረፍት ነው፤ ያልተረገጠ ቁስል የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ወሰንም መታወቅ አለበት። በሕክምናው ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ ድንገት የነርቭ ሕመም፣ አዲስ መደንዘዝ ወይም የጣቶች መድከም ቢታይ ቅባት አይፈታውም። ይህ የሰውነት መከላከያ ግብረ መልስ ሊሆን ስለሚችል በጤና ተቋም ፕሬድኒሶሎን ያስፈልገዋል። የነርቭ ጉዳቱ ከስድስት ወር ያልበለጠው ከሆነ ሊመለስ የሚችልበት ዕድል አለ፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ዕድሉ ይጠባል።

ማስረጃው ምን ያሳያል?

እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ በእርግጥ ውጤት ያመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለዚህ በአገራችን የተሠራ ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከሌላ የእግር በሽታ፣ በባዶ እግር ከቀይ አፈር ጋር ባለ ንክኪ ከሚመጣው ዝሆኔ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን በዕጣ በሁለት ቡድን ከፍሎ ለአንድ ዓመት የተከታተለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ለአንደኛው ቡድን የእግር ንጽሕና፣ የቆዳ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያውኑ እንዲያገኝ አደረገ፤ ሁለተኛው ቡድን ይህንኑ ያገኘው ጥናቱ ካበቃ በኋላ ነበር። በትኩሳትና በእብጠት ድንገት የሚነሣው ግርሻ በአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ወደ 19.4 ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ 19 በመቶ ነው።

ቁጥሩ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በመርፌም በክኒንም ሳይሆን በቆዳ አያያዝ ብቻ ሰውን ከአልጋ የሚያውል ሕመም በልኩ ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛ፣ እንክብካቤው ተአምር አይሠራም፤ 19.4 ጊዜም ቢሆን እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነው። ዝሆኔና ሥጋ ደዌ መንስኤያቸው የተለያየ በመሆኑ የአንዱ ቁጥር ለሌላው በቀጥታ አይገለበጥም። የጋራ የሆነው የበሩ ጉዳይ ነው፤ በሁለቱም በሽታዎች ጉዳቱ የሚባባሰው በተከፈተ ቆዳ በኩል በሚገቡ ተሐዋስያን ነው።

ውኃ፣ ልማድና አቅም በሐረር

ምክርን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማሻገር ቀላል ነው፤ ምክሩ የሚፈጸመው ግን በቤት ውስጥ ባለው ሳፋና ጀሪካን ነው። ሁለት እግር ለመዘፍዘፍ በቀን አምስት ሊትር ያስፈልጋል ብንል፣ በወር 150 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል ይሆናል። ሐረር ደግሞ የውኃ ችግርን በሚገባ የምታውቅ ከተማ ናት። ለረጅም ጊዜ ውኃ ትቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከደረቀ በኋላ አቅርቦቷ ከድሬዳዋ አቅራቢያ በሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ተመሥርቷል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ወይም በገንዘብ በሚገዛበት ቤት፣ እግር የሚዘፈዝፍ ሰው ከማብሰያና ከመጠጥ ላይ እየቀነሰ ነው። ምክሩን አልፈጸመም ተብሎ ከመወቀሱ በፊት ይህ ሒሳብ ሊታሰብለት ይገባል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ለመጸዳጃ ቤት መልሶ መጠቀም፣ ውኃ በጠፋበት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየትና ወዲያው መቀባት የሚሉት አማራጮች ከመመሪያው ጋር አብረው መሰጠት አለባቸው።

በሌላ በኩል ከተማዋ ለዚህ ሥራ የሚመች ልማድ አላት። በጀጎል ውስጥ ብቻ 82 መስጊዶች እንዳሉ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ሶላት የሚሰግድ ሰው ለውዱእ እጁንና እግሩን በቀን እስከ አምስት ጊዜ ይታጠባል። ይህ ለእጅና ለእግር የተመደበ፣ ማንም አስታዋሽ የማያስፈልገው ጊዜ ነው። ሆኖም ማጠብ ብቻውን እንክብካቤ አይደለም፤ ውኃው ሲተን የቆዳውን እርጥበት ጨምሮ ይወስዳልና ያለ ቅባት የሚደጋገም መታጠብ ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። ከዕለቱ መታጠቦች በአንዱ ላይ ሁለት ደቂቃ ማየትና አንድ ጊዜ መቀባት ቢጨመር፣ መመሪያው የሚጠይቀው ልማድ ግማሹ ተገኘ ማለት ነው። የሐረር ሴቶች እጅና እግርን በሂና የማስዋብ ባህልም የእጅና የእግር ቆዳ በዓይን የሚታይበት፣ በሌላ ሰው እጅ የሚያዝበት ጊዜ ነው። ቀለሙ ግን ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክትን ሊሸፍን ስለሚችል ቆዳውን ከመቀባት በፊት ማየት ይበጃል።

አቅምን በተመለከተ፣ የተለየ ቅባት አያስፈልግም። ዋናው ነገር ቆዳውን ሳያቆስል እርጥበቱን የሚክድን መሆኑ ነው፤ ቫዝሊንም የምግብ ዘይትም ይሠራሉ። የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ ነው። ለቀን ሠራተኛ ወይም በልመና ለሚተዳደር ሰው ትንሹም ወጪ ከዳቦ ጋር ይፎካከራል። መድኃኒቱ በነፃ በሚሰጥበት አገር የመድኃኒቱን ሥራ የሚያጸናው የቅባት ቆርቆሮ በሕመምተኛው ኪስ ላይ መውደቁ ሊታረም የሚገባው ክፍተት ነው።

ከሥጋ ደዌ ባሻገር

እዚህ የተገለጸው ሂደት የአንድ በሽታ ብቻ አይደለም። የስኳር ሕመም የእግርን ነርቮች ሲጎዳ ስሜት፣ የጡንቻ ኃይልና ላብ በተመሳሳይ መንገድ ይጓደላሉ፤ በዚያ ላይ የደም ዝውውር ይደክማል። ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ምክርም ከላይ ከተጠቀሰው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ በስኳር ሕመም እግርን ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ የማይመከር መሆኑ፣ ቅባትም በጣቶች መሐል አለመቀባቱ ነው። በከተማ የስኳር ሕመም እየተስፋፋ ሲሄድ ለሥጋ ደዌ የዳበረው ልምድ ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

እከክም ሌላ ምሳሌ ነው። በድርቁ ዘመን እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በአማራ ክልል በተነሣው ወረርሽኝ ከ300,000 በላይ ሰዎች በእከክ መያዛቸው ተረጋግጧል። በመታከክ በተቧጨረ ቆዳ በኩል የሚገባው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴርያ በሕፃናት ላይ የኩላሊት ብግነት ሊያስከትል ይችላል። የቆዳ ችግር የውስጥ አካል ችግር የሚሆንበት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

በእንክብካቤ ስም የሚደረግ ጉዳትም አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ቆዳን ያሳሳሉ፤ የበሽታ ምልክትንም ለጊዜው አደብዝዘው ምርመራን ያዘገያሉ። ሜርኩሪ ያለባቸው ማቅያዎች ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይመርዛሉ። የማያሳክክ፣ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያለበት ሰው ቅባት ከመሞከሩ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

መደምደሚያ

በሐረር ዳርቻ ከተመሠረተው የ1901 መጠለያ እስከ ቢሲዲሞ፣ ከቢሲዲሞም እስከ ጥምር መድኃኒቱ ድረስ ያለው ታሪክ ሕክምናው ከማግለል ወደ መፈወስ ያደረገው ጉዞ ነው። የቀረው እርምጃ የዳነው ሰው እግሩን ይዞ እንዲኖር ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማዕቀፍ የቆዳ በሽታዎች በየተናጠል ከሚታዩ ይልቅ በአንድ አገልግሎት እንዲቀናጁ መክሯል። ይህ በሐረር ሊተረጎም የሚችለው በጥቂት ግልጽ ሥራዎች ነው። በስኳር ክትትል ክፍልና በሥጋ ደዌ ክፍል የሚሰጠው የእግር ምርመራ በአንድ የሠለጠነ ባለሙያ እጅ ቢሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ሲጎበኙ ስለ ውኃውና ስለ ሳፋው ጭምር ቢጠይቁ፣ ቅባትና ተስማሚ ጫማ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ዝርዝር ቢገቡ።

ለምርምርም ሥራ አለ። በምሥራቅ ጎጃም ለዝሆኔ የተደረገው ዓይነት ጥናት በምሥራቅ ሐረርጌ ለሥጋ ደዌና ለስኳር ሕሙማን በጋራ ቢደረግ፣ የሚለካውም ነገር የቁስል ብዛት፣ ከሥራ የቀሩ ቀናትና በቤት የዋለው ውኃ መጠን ቢሆን፣ ለቆዳ እንክብካቤ በጀት የሚጠይቅ ሰው የሚያቀርበው ቁጥር ይኖረዋል። መድኃኒቱ ባክቴርያውን በ12 ወር ያጠፋል፤ እግሩ ግን ሰውየውን ዕድሜ ልኩን መሸከም አለበት።